የቀሩት ሰዎች ወንበር

ጅማ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለነጋሳ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔም እናትህም ደህና ነን። የመጨረሻ ስልክህ ከመጣ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነው። ያኔ ከኦምዱርማን «ጋራዡ ተዘግቷል፤ መንገዱ ሲከፈት እመጣለሁ» ብለህ መስመሩ ተቋረጠ። እስካሁን መንገዱ አልተከፈተም እያልኩ ነው ራሴን የማጽናናው። ቄስ ቱቱ የሚባሉ ሱዳናዊ ወደዚያ የሚሄድ ሰው እንዳላቸው ስለነገሩኝ ይህን ጻፍኩልህ።

ስለ እኚህ ቄስ ልንገርህ። ባለፈው ዓመት ከኑባ ተራሮችና ከካርቱም የሸሹ አርባ ክርስቲያኖች በእሳቸው መሪነት ጅማ ገቡ። ከጠዋቱ አምልኮ በኋላ አዳራሹን እንለቅላቸዋለን፤ እሑድ ከሰዓት በራሳቸው ቋንቋ ያመልካሉ። የሰቃ ከተማ ምእመናን በቆሎ ይልካሉ፣ እኛ ሴቶቹ በየተራ ወጥ ሠርተን እንወስዳለን። የአዳራሹ ቁልፍ እንደ ድሮው እኔ ጋ ነው፤ ሌላ ቁልፍ የለም። ለማስተርጎም ጎረቤታችንን ዙቤይዳን ለመንኳት፤ ጅዳ አሥር ዓመት ሠርታ ዐረብኛ ለምዳ የለ። «እኔ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ ላስተርጉም? ሰርቦ ያሉት ዘመዶቼ ቢሰሙ ይስቁብኛል» አለች፤ ግን አንድም እሑድ ቀርታ አታውቅም።

አሁን ጥፋቴን ስማ። ሰዎቹ አርባ ሆነው ሳለ ስልሳ ሦስት ወንበር ጠየቁ። የሽማግሌዎቻችን ሰብሳቢ አቶ ፈለቀ «ለእርዳታ ቁጥር ማብዛት ለምደው ይሆናል» አሉ። እኔም ማንንም ሳልጠይቅ፣ እየዘመሩ ሳለ በመካከላቸው እየዞርኩ ባዶዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ደርቤ ጥግ አስቀመጥኳቸው። ታውቀኛለህ፣ የተዝረከረከ ነገር አልወድም። መዝሙሩ ተቋረጠ። ሴቶቹ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ያለቅሱ ጀመር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእኔ ግን የሚለቀም አልነበረም።

ዙቤይዳ ፊቷ ገርጥቶ መጣች። «ያ ረቢ፣ ሮሆቦት፣ ምን አደረግሽ? ወንበሮቹ እኮ የሰው ናቸው። ተበትነው የቀሩባቸው ወንድሞችና እህቶች ናቸው። መርዶው የመጣ ሰው ወንበር ነው ተነሥቶ ጥግ የሚደረበው። አንቺ ሃያ ሦስቱንም ቀበርሽባቸው።»

እግራቸው ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ ወንበሮቹንም እነሱ እየጠቆሙኝ አንድ በአንድ መለስኩ። ሐናን የሚባሉ አሮጊት እጄን ይዘው፣ የእኔስ የቀረ ሰው እንዳለ ጠየቁኝ። አንተን ነገርኳቸው። ከዚያ እሑድ ጀምሮ የአንተም ወንበር አለ፤ ሦስተኛው ረድፍ ዳር ላይ፣ በመተላለፊያው በኩል። እንዴት ደስ እንዳለኝ። እዚህ የእኛ ሰው ስምህን እኔ ፊት መጥራት ፈርቶ ነበር።

እሑድ እሑድ ስልሳ አራቱን ደርድሬ፣ ቆልፌ፣ ቤት ምሳ በልቼ ለስምንት ሰዓት እመለሳለሁ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ከፍቼ ስገባ ወንበርህ ከረድፉ ወጥቷል። ትንሽ ወደ ቀኝ ዞሯል። የመኪና ማንሻ ክሪክ ጉልበትህን ከመታህ ወዲህ ቀኝ እግርህን ወደ መተላለፊያው ዘርግተህ አይደል የምትቀመጠው? ልክ እንደዚያ። መስኮቶቹ ዝግ ናቸው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ ወለሉ ግን ደረቅ ነው። ድመት ይሆናል ብዬ አስተካከልኩት። በሳምንቱም እንደዚያው ሆኖ አገኘሁት፣ በሦስተኛውም። ሌሎቹ ስልሳ ሦስቱ ካስቀመጥኳቸው ቦታ ንቅንቅ አላሉም።

የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስዬ ሐናንን ጠየቅኳቸው። ዙቤይዳ ስታስተረጉም ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። «ገና በመንገድ ያለ ሰው ወንበሩን አይነካም» አሉ። «የሚነካው የደረሰ ነው። ካርቱም እያለንም እንዲህ ነበር። የመርዶው ስልክ የሚመጣው ዘግይቶ ነው።» ወደ ቤት ተመልሰን ደጄ ላይ ስንደርስ ዙቤይዳ «አላህ ነው የሚያውቀው» ብላኝ ወደ ቤቷ ገባች።

ነጋሳ፣ ለማንም አልተናገርኩም። ብናገር ወንበሩን አንሥቼ የምደርበው እኔ ነኝ፤ ሥርዓታቸው ለቤተሰብ ነው የሚተወው። አላደርገውም። እልኸኛ ነሽ ትለኝ የለ፤ እልኸኛ ነኝ። ሰው ሳይገባ ቀድሜ ሄጄ አስተካክለዋለሁ። እናትህ «ምሳሽን ሳትጨርሺ ወዴት ነው የምትሮጪው?» ይሉኛል። ዝናቡ ሳይጨምር ልድረስ ብዬ ነው እላቸዋለሁ።

ትላንት ግን ለምሳም አልሄድኩ። በሩን ከውስጥ ቆልፌ፣ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ጀርባዬን ለአዳራሹ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆመ። ብዙ ቆየሁ። ከዚያ ከኋላዬ የወንበር እግር ሲሚንቶውን ሲፍቅ ሰማሁ፤ ሰው እንዳይረበሽበት እንደሚጠነቀቅ ሰው፣ ቀስ ብሎ። ቀጥሎ ያ ጉልበትህን አጥፈህ ስትቀመጥ የምታወጣው ትንፋሽ። ፈራሁ፣ አልዋሽህም። ዞሬ አላየሁም። አይቼ ባዶ ቢሆን ምን ልሆን ነው? «ጉልበትህን ተሻለህ?» ብቻ አልኩ።  ቤት ውስጥ ስትኖርና ሳትኖር ሳላይህ አውቅ አልነበር? ያንን ነው ያወቅኩት። ቄስ ቱቱ በሩን እስኪያንኳኩ ድረስ አብረን ቆየን።

እንግዲህ ይህ ደብዳቤ ኦምዱርማን ካገኘህ፣ እንደ ጅል ሳቅብኝ፤ ሳቅህን ስትጨርስ ደውልልኝ። ቁጥሬ ያው ነው። እናትህ ይስሙሃል፤ እሳቸው ምንም አያውቁም። ደብዳቤው ካላገኘህ ግን፣ በሚመጣው እሑድ አንተ አትድከም፤ ወንበሩን ራሴ ወደ ቀኝ አዙሬ አቆይልሃለሁ።

እግዚአብሔር ድካምህን ሁሉ ያሳርፍልህ።

ሚስትህ ሮሆቦት