በማውስ ጎማ ቁልቁል ስለተንከባለለው ዕድሜዬ

ለተከበሩ የዓይን ሕክምና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንደምን ነው? በተለይ ዓይንዎ እንዴት ከርሟል? የእኔ ግራው ከጠፋ ቆይቷል። ቀኙም የሞራ ግርዶሹ እየወፈረበት፣ የባለቤቴን ፊት የማየው ጉም ውስጥ እንደቆመ ሰው ነው። እርሷማ «እንኳንም አላየኸው» ትለኛለች።

ለቀዶ ሕክምናው ቅድሚያ ለአረጋውያን እንደሚሰጡ ስሰማ መርቄዎት፣ ሰባ ስምንት ዓመቴን ተሸክሜ ደጅዎ መጣሁ። ከምርቃቱ የተረፈውን ቅሬታ እነሆ በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ መዝጋቢዋ ዕድሜዬን ኮምፒውተሯ ላይ በትክክል ጻፈች። «መዝግብ» የምትለው ቁልፍ ግን ከገጹ ግርጌ ስለተደበቀች፣ ወደዚያ ለመውረድ የማውሷን ጎማ በጣቷ አሽከረከረች። ማውሷ ስክሪኑ ላይ የምታንቀሳቅሳት ቀስት ገና የዕድሜዬ ሳጥን ላይ ነበረችና ገጹ ባለበት ቆሞ ዕድሜዬ ወረደ። ልጅቱ ይህን ሳታይ ቀስቷን ገፋ አድርጋ ገጹን አወረደችና መዘገበችኝ። ሃምሳ አራት ሆንኩ። ከበኩር ልጄ በሁለት ዓመት ስላነስኩ አሁን ማን ማንን እንደሚመክር ግራ ገብቶናል። ስለተመለሰልኝ ጉልምስና እጅግ አመሰግናለሁ፤ ጉልበቴ ግን ወሬውን ገና አልሰማም።

ሁለተኛ፤ ለማረም በተመለስኩ ቁጥር ያችው ልጅ፣ ያው ሳጥን፣ ያችው ጎማ። ወረፋዬም ወደ ጎረምሶቹ ጭራ።

የልጅ ልጄ በኮምፒውተር ፕሮግራም ሙያ እንጀራዋን የምትበላ ናትና «ጎማዋ ገጹን ብቻ ታንቀሳቅስ፣ ቁጥሩን አትንካ፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው» ብላ ጽፋልዎት ነበር። «ሥርዓቱ በትክክል እየሠራ ነው» ብለው ስለመለሱላት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዓይኔ ነው እንግዲህ ጥፋተኛው።

ሦስተኛ፤ መዝጋቢዋ አዝናልኝ «አባባ፣ መውረዱ ካልቀረ አስበልጬ ልጻፍልዎ» አለችና ዘጠና ስድስት አደረገችኝ። የዚያን ዕለት ቀስቷ ሌላ ቦታ ነበረች። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሐኪሞችዎም ተሰብስበው «በዚህ ዕድሜ ቀዶ ሕክምና አይመከርም» ሲሉ ፋይሌን ዘጉ። የተዘጋ ፋይል ደግሞ እንደማይከፈት በደግነት አስረድተውኛል።

በአንድ ክረምት ከልጄ አንሼ፣ የአባቴንም ዕድሜ አልፌ፣ ሁለቱንም በእርስዎ ቸርነት ያገኘሁ፣

እስከ ወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
ወጣቱና ሽማግሌው ታካሚዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስ ለመጻፍ አይቸኩሉ፤ የምታነብልኝ ባለቤቴ ናት። ቀድሞ ክፉ ወሬ ሲመጣ ከአፏ በፊት ከፊቷ አነበው ነበር። አሁን የቀረኝ ቃሏን ማመን ብቻ ነው። እርሷም እንደ መዝገብዎ ትዋሻለች፤ የእርሷ ግን ለእኔ ብላ ነው።