በመቀስ የተቆረጠው የፈረሳችን ዋጋ

ውድ ወንድሜ ቪልሆ፣ ይህ ወረቀት ባሕሩን ተሻግሮ እጅህ እስኪገባ ድረስ እንዴት ሰንብተሃል? ባለቤትህ ኤልና እንዴት ናት? ትንሹ ሬይኖ ከሳሉ ዳነ? እንጨት ቆረጣው ወገቤን ጎዳኝ ብለህ ነበርና አሁንስ ተሻለህ? አባባና እኔ በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ለመጻፍ ግን እጄ እምቢ እያለኝ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ሊሩን ሸጥናት። አንተ ከሄድክ በኋላ የተወለደችው ፈረሳችን ናት። በጦርነቱ ጊዜ አገራችንን ካሬሊያን ለጠላት ለቀን ስንወጣ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የታመመችውን እናታችንን በጋሪ ስባ ያወጣችልን እሷ ነበረች። አሁን ግን በሰው ግቢ ተጠግተን የምናበላት ድርቆሽ አጣን። የግቢው ጌታ ሄርማኒ ከመከር ጀምሮ ሽጡልኝ እያለ፣ ዋጋውን እያጣጣለ ከረመ። ለገና በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው ግን መጥቶ አባባ የጠሩትን ሠላሳ ሺህ ማርካ ያለ አንዳች ክርክር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው፤ ሁሉም ባለ አንድ ሺህ ኖት። ይሽጧት ያልኳቸው እኔ ነኝ። በጸደይ ለተፈናቃይ የሚታደለው መሬት ሲደርሰን ሌላ እንገዛለን ብዬ ነው። ገንዘቡን ባንክ እናስቀምጠው ብላቸው፣ «የካሬሊያው ባንካችንም እንደኛ ተሰዶ የት እንደገባ አላውቅም» ብለው ከፍራሻቸው ሥር አደረጉት።

ከገና ሳምንት በኋላ፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ በሄርማኒ ወጥ ቤት ተቀምጠን ሬዲዮ ስንሰማ አዋጅ ተነገረ። ከነገ ጀምሮ ከአምስት መቶ ማርካ በላይ ያለው ኖት ሁሉ፣ አምስት መቶውም ጭምር፣ መሃል ለመሃል ይቆረጥ፤ ግራው በግማሽ ዋጋ ይሠራል፤ ቀኙን መንግሥት በግዴታ ይበደረዋል፤ ባንክ ያለ ገንዘብ አይነካም አለ። አባባ ወደ ሄርማኒ ዞረው፣ «ታውቅ ነበር እንዴ?» አሉት።

«ወሬ ሰምቼ ነበር» አለ ከሲኒው ቀና ሳይል። «ወሬ ደግሞ ወሬ ነው፣ አባ ታህቮ። ደስ ብሎህ ነው የሸጥካት።»

በማግስቱ አባባ የእናታችንን መቀስ አምጪ አሉኝ። ልቁረጥልዎ ብላቸው እምቢ አሉ። ሠላሳውንም አንድ በአንድ ራሳቸው ቆረጡ። ሲጨርሱ፣ «ፈረሷን ግን ሙሉዋን ነበር የሸጥኳት» አሉ። ቀኙን ግማሽ ከሦስት ዓመት በኋላ እንመልሳለን ይላሉ። የኑሮው ዋጋ በየሳምንቱ እየናረ፣ ያኔ አንድ ጆንያ አጃ ይገዛ እንደሆነም እንጃ።

መሬቱ በማርች ደረሰን፤ ድንጋይና ጉቶ ነው። አሁን የከሳች ፈረስ እንኳ አርባ ሺህ ትጠራለች። አባባ ኩራታቸውን ዋጥ አድርገው ሄርማኒን፣ «አሥራ አምስቱን ሺህ ያዝ፣ የቀረውን በጉልበቴ ልክፈልህና ሊሩን መልስልኝ» ብለው ለመኑት። እምቢ አለ። ሦስት ቀን እንጨት ከፈለጥክልኝ ሊሩን ለአንድ ቀን አውስሃለሁ አላቸው። በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ሦስት ቀን ፈለጡ። በአራተኛው ቀን ድምፃቸውን ስትሰማ አንገቷን ትከሻቸው ላይ ጣለች፤ ጉቶ ሲያስነቅሏት ዋሉ። ማታ ለሄርማኒ ካስረከቧት ወዲህ ግን በረቱ በኩል አያልፉም፤ ወደ ውኃ ጉድጓዱ እንኳ ዞረው ነው የሚሄዱት። ባለፈው ሰኞ ያለ ፈረስ አይታረስም ብለው የመሬቱን ወረቀት ለመሬት አዳዩ ኮሚቴ መለሱ። አልቅሼ ብለምናቸውም አልሰሙኝም። ይሽጧት ያልኩት እኔ ስለሆንኩ አጥብቄ ለመናገርም አፍ የለኝም። እኔ ለሄርማኒ ላም አልባለሁ፤ እሳቸው መስኮት ሥር ይቀመጣሉ።

በገና ደብዳቤህ፣ መሬቱን ካገኛችሁ በበጋ ጠቅልዬ እመጣለሁ ብለህ ነበር። ደብዳቤውን ለአባባ አንብቤላቸዋለሁ። ትናንት ምን ብዬ ልጻፍለት ብላቸው፣ «አትምጣ በይው። የሰው አሽከር ሆኜ መጥቶ ከሚያየኝ፣ እዚያው ሆኖ ፈረስ እንዳለኝ አድርጎ ያስበኝ» አሉ። እኔም ቪልሆ፣ ና የምልበት ቤት የለኝም። የመርከቡን ገንዘብ ለሬይኖ ጫማ አድርገው።

ኤልናን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ። ሬይኖን አክስትህን ሳይሚን ናፍቀሃታል በለው፤ አይቶኝ ባያውቅም ስሜን ይያዝ። አባባ ሰላም ብለውሃል።

እህትህ ሳይሚ
ኪዩሩቬሲ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 1946