በጋራዥ የቀረው አውሮፕላንህ

ጌቱዬ፣ የኔ ሆደ ቡቡ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። እንዴት ነህ እንዳልልህ አንተ ጌታ ዘንድ ነህ፤ ችግሩ ያለው እኔ ጋ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን እንዳለ ነው፣ ጋራዡን ግን በእጅህ ስትሠራው ቆይተህ ያልጨረስከው አውሮፕላንህ አሁንም ይዞታል። መኪናዬ ውጭ በረዶ ሲወርድባት ያድራል፣ እኔ በየጠዋቱ እጠርጋለሁ፣ እሱ ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቷል። ስንት ጊዜ ሰድቤዋለሁ መሰለህ!

እህቴ አስቴር እዚሁ አሜሪካ አሌክሳንድሪያ፣ እሷ ያለችበት ሕንጻ ላይ አፓርትመንት ተገኝቷልና ነይ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። ብሄድ ደስ ይለኛል፤ ይህ ቤት ለብቻዬ ሰፋኝ። ግን አውሮፕላን ይዤ የት እገባለሁ? በሊፍት አላወጣው! ሊዲያ ደግሞ፣ ያንተው ልጅ አይደለች፣ የአብራሪነት ፈቃዷን አወጣች። የአባዬ ነው፣ አይሸጥም፣ ሲያልቅ እኔ አበርረዋለሁ ብላ ድርቅ አለች። በአማርኛ ስቆጣት በእንግሊዝኛ ትመልስልኛለች። እንግዲህ አስበው፤ ካልጨረስኩት ከዚህ ቤት አልወጣም፣ ከጨረስኩት ያለችኝን አንዲት ልጅ ሰማይ ላይ ልሰቅላት ነው። በየትም በኩል ብዞር ግድግዳ ነው፣ ጌቱዬ።

የቀረው ሥራ ትንሽ፣ አንድ ፍተሻ ብቻ እንደነበር ታውቃለህ። የሞተሩ ዘይት ምን ያህል እንደሞቀ የሚናገር ሴንሰር ሁለት አደረግክለት፤ አንዱ ቢበላሽ ወይም ቢዋሽ ሌላው እንዲያጋልጠው። ለእያንዳንዱ የራሱ ሽቦ፣ ሙቀቱን በጠቋሚ የሚያሳይ የራሱ ጌጅ። ያንተ ወፍራም ጣት የማይደርስበት እየገባ ሽቦውን የሳበው የኔ እጅ ነው፤ አንተማ የእጅ ባትሪ ይዘህ ቀስ በይ፣ ቀስ በይ እያልክ ታስጨንቀኝ ነበር። ሁለቱ ጌጆች ካልተስማሙ ከመሬት መነሳት የለም ትል ነበር። ሌላ ሕግ አልነበረህም።

ለቅሶህ ላይ ቤቱ አልበቃ ብሎ ወንዶቹ ጋራዡ ውስጥ ተቀመጡ። ኮታቸውን ክንፉ ላይ ሰቀሉ፣ የውሃ ካርቶን ወንበርህ ላይ ደረደሩ። ሊበተኑ ሲሉ ደግሞ የኅብረታችን ሰዎች፣ ጌታ ይባርካቸው፣ ሐዘንተኛ እንዳትደክም ብለው ጋራዡን አጸዱልኝ። ወንድም ተፈራ የትኛው የየትኛው ሴንሰር እንደሆነ እንዲለይ በየሽቦው ላይ የለጠፍከውን ቀይና ሰማያዊ ቴፕ ቆሻሻ መስሎት አንድ በአንድ ልጦ ጣለው። ሽቦዎቹንም ሰብስቦ እንደ ሹሩባ ጎነጎናቸው! ደግ ሰው ምን ይባላል? አመስግኜ ሸኘሁት።

ባለፈው ቅዳሜ ሊዲያ ሥራ ስትሄድ ገባሁበት። ጉንጉኑን ፈታሁ፣ ሴንሰሮቹን ከሞተሩ ነቀልኩ፣ ባትሪውን አገናኘሁና የፈላ ውሃ በፔርሙስ ይዤ ተቀመጥኩ። አንዱን ስነክር የትኛው ጌጅ እንደሚነሳ አይቼ ቴፕ ለጠፍኩበት፤ ሌላውንም እንዲሁ። ከዚያ ሁለቱን አብሬ ነከርኳቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ እንዳይስማሙ ጸለይኩ። አንዱ ዝቅ ቢል የአባትሽ ሕግ ነው ብዬ እከለክላት ነበር። ጠቋሚዎቹ እኩል ወጡ፣ እኩል ቆሙ። ውሃ ቀይሬ ደገምኩ። አሁንም እኩል። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ምናለ ይህን አንዷን ሥራ እንኳ ብታበላሻት ኖሮ!

አንዱ ጌጅ አልሠራም ብዬ ብዋሽ ማን ያውቅብኛል? ሊዲያ ግን ያልኳትን ሁሉ ታምናለች። ያ ነው ያቃተኝ። ከሥራ ስትመለስ ሁለቱም ደህና ናቸው አልኳት፤ እጄን ይዛ ረጅም ጊዜ አልለቀቀችኝም።

በሚቀጥለው ወር ጭነት መኪና መጥቶ ወደ አውሮፕላን ሜዳው ይወስደዋል። የመጀመሪያው በረራ ለብቻ ነው ይላሉ፤ ከጎኗ መቀመጥ እንኳ አልችልም። ሣሩ ላይ እቆማለሁ፣ ዓይኔን አልጨፍንም። ፓስተራችን ሙታን አይጠሩም ይለኛል፤ ይበል። እስክትወርድ ድረስ ስምህን እጠራለሁ፣ ከወረደች በኋላም አልተውም።

ሚስትህ አልማዝ