ስለ እሳቱ ለጻፈች ተማሪ የተሰጠ ዜሮ

ለተከበሩ የዞናችን የፈተና ቦርድ ዋና ዳይሬክተር

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነትና ንጹሕ አየር በሚገባበት ቢሮ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከነዳጅ ከተማችን ከዋሪ ወዲያ ባለች መንደር ሃያ ስድስት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርሁ፣ ቦርድዎም በአራሚነት ያከበረኝ ሰው ነኝ።

አንደኛ፣ ዘንድሮ «አካባቢ ምን ማለት ነው? ከምትኖሩበት ቦታ ምሳሌ እየሰጣችሁ አስረዱ» የሚለውን ጥያቄ ስላወጡልን እናመሰግናለን። የመልስ መመሪያዎ «ደን፣ ወንዝ፣ የዱር እንስሳት» ስለሚል ሥራችን ቀሏል። አርባ አንድ ተማሪዎቼ በደጃቸው አንበሳ እንዳለ ጽፈው አሥር ከአሥር አግኝተዋል። በመንደራችን አንበሳ ያየ ሰው የለም፤ አያቶቻችንም አላዩም።

ሁለተኛ፣ ኤሎሆ የምትባል ተማሪዬ ግን እንዲህ ብላ ደፈረች፦ «የእኛ አካባቢ ከነዳጅ ጉድጓዱ ቱቦ የሚወጣው እሳት ነው። ከተወለድኩ ጀምሮ ጠፍቶ አያውቅም። እናቴ ካሳቫ የምታደርቀው በእሱ ስለሆነ ማገዶ አንገዛም። የመጀመሪያው ዝናብ ከጣሪያችን ጥቁር ሆኖ ይወርዳል፤ የምንጠጣው የሦስተኛውን ቀን ዝናብ ነው። እሳቱ ይጠቅመናል፤ እናቴ ግን ታስላለች።»

ዜሮ ሰጠኋት።

የታረመውን ወረቀት ሳድል ተነሥታ፣ «ቲቸር፣ ከምትኖሩበት ተብለን አልነበር እንዴ? አንበሳ ከየት ላምጣ?» አለችኝ። እኔም «ካሳቫ ማገላበጥ ከቻልሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኋት። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ለማለፍ ስድስት ነጥብ ጎድሏት ወደቀች፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤት አልመጣችም። ባለፈው ሳምንት ፍለጋ ብሄድ፣ እሳቱ ፊት ከእናቷ ጎን ቆማ፣ ፊቷን በጨርቅ ሸፍና ካሳቫ ታገላብጣለች። እናቷም «ቲቸር፣ እንኳን መጡ! ምክርዎን ሰምታለች፤ እጇም ፈጣን ነው» አሉኝ። ሳያሾፉ ነው ያሉት። ቢያሾፉ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍሁ።

ሦስተኛ፣ መመሪያውን ስላዘጋጀው ኮሚቴ። ደኑን አንድ ባልደረባዬ፣ ወንዙን ሌላው አመጣ፤ የዱር እንስሳቱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከተሰበሰብንበት አዳራሽ መስኮት እሳቱ ይታይ ነበር። ብርሃኑ ዓይናችንን ስለወጋን መጋረጃ አስዘጋን። ያስዘጋሁትም እኔው ነኝ።

ክቡርነትዎ፣ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ምዝገባ ዓርብ ይዘጋል። የእኛን ፈተና ካላለፈች አትመዘገብም። ስለዚህ ዜሮውን ሰርዤ አሥር ከአሥር የሰጠሁበትን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የሚጎድለው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው።

በመመሪያዎ ተመርቶ ከእውነት በሰላም የራቀው፣ መታዘዙ የሚያሳፍረው አገልጋይዎ፣
ኤዳፌ ኡሙኮሮ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ውጤት የቀየረ አራሚ ለአምስት ዓመት እንደሚታገድ ደንባችሁን አንብቤአለሁ። እገዳዬን በዕለቱ እንደሚፈርሙም አልጠራጠርም፤ በቢሮዎ ቅጣት ዘግይቶ አያውቅም። እባክዎ የልጅቷንም ውጤት እንደ ቅጣት ቆጥረው ያፋጥኑልኝ።