ሟቾቻችንን የገነዘ ሰው ለልጆቻችን ተረት እንዳያነብ ስለ መከልከሉ

ለክቡራንና ክቡራት የኮርዌል ፎርድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ቦርድ አባላት፣ በተለይም ለክቡር ሰብሳቢው ለአቶ ላውተን ብሪክሃውስ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናችሁ እንደምን ከርሟል ብዬ እጠይቃለሁ። የልጆቹን ክፍል ከቆለፋችሁ ወዲህ በሕንጻው ውስጥ የሚንጫጫ ስለሌለ ራስ ምታታችሁ እንደለቀቃችሁ፣ እንቅልፋችሁም እንደተመለሰ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ እምቢ ብሎኛል።

ታውቁኛላችሁ። ሎርና ቲግ ነኝ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ባለው ቢጫ ቤት የምኖር መበለት። ልጄ ጆሊን በረዶ በጋገረበት ድልድይ ላይ መኪናዋ ተንሸራቶ ከሞተች ወዲህ ልጇን ዊኒን የማሳድጋት እኔ ነኝ። የሳሎኔ መስኮት የልጆቹን ክፍል ስለሚያይ፣ እናንተ ቆልፋችሁት የሄዳችሁትን ክፍል በየቀኑ የማየው እኔ ሆኛለሁ። ለዚህ ያለ ደመወዝ ለተሰጠኝ ሹመት ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጸጥታው ላመስግን። ልጆቹ ቆርጠው ከጣሪያው ላይ የሰቀሏቸው የወረቀት ዓሦች አሁንም እንደተንጠለጠሉ ናቸው። ማሞቂያው ሲነሳ ዓሦቹ ይዞራሉ፤ ዓሦቹ ሲዞሩ ደግሞ ሰው ሲገባ በራሱ የሚበራው መብራት ሰው የገባ እየመሰለው ቦግ ይላል። ባዶውን ምንጣፍና ትንንሾቹን ወንበሮች ለጥቂት ጊዜ ያሳየኝና መልሶ ይጠፋል። ቅዳሜ ጠዋት ዊኒ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ለጥፋ፣ «አያቴ፣ እትዬ ማግኖሊያ ገባች» ትለኛለች። «ማንም የለም የኔ ቆንጆ፤ ዓሦቹ ናቸው» እላታለሁ። «አውቃለሁ» ትለኛለች። ከመስኮቱ ግን አትነሳም።

ሁለተኛ፣ እትዬ ማግኖሊያ ማን እንደሆነች የከተማችን ሰው ሁሉ ቢያውቅም፣ ቦርዳችሁ የዘነጋው ስለሚመስል በትሕትና ላስታውስ። ዴልበርት ፕሩይት ከጎረምሳነቱ ጀምሮ በከተማችን የቀብር ቤት የሚሠራ ሬሳ ገናዥ ነበር። ያጥባል፣ ያበጥራል፣ ያለብሳል፣ ቤተሰብ መጥቶ እንዲሰናበት ፊት ይቀባል። ከዚህ ሌላ ደግሞ የሴት ልብስና ትልቅ ዊግ አጥልቆ፣ በሴት ስም መድረክ ላይ መጫወት ይወዳል፤ ድራግ ይሉታል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች ተረት እንዲያነብ ስትጠይቀው፣ አረንጓዴ ብልጭልጭ ቀሚሱን ለብሶ ማግኖሊያ ሆኖ መጣ። ቀሚሱን ሲለብስ ልጆቹ «እሷ» ይሏታል፤ እኔም ከልጆች ጋር መከራከሩን ትቼ እንደ እነሱ እላለሁ።

በውሳኔያችሁ ላይ «ፊቱን ተቀብቶ የሚቀርብ ወንድ ከሕፃናት ጋር መዋል የለበትም» ብላችኋል። እጅግ ጥንቃቄ የተሞላበት አነጋገር ነው። የእናቶቻችንን ከንፈር ሲቀባ፣ የአባቶቻችንን ክራቫት ሲያስር፣ ብቻውን በር ዘግቶ ከእነሱ ጋር ሲውል ማናችንም ስብሰባ ጠርተን አናውቅም ነበርና። ጆሊን የሞተች ጊዜ «ሣጥኑ ተዘግቶ ቢቀበር ይሻላል» ብለውኝ ነበር። ዴልበርት ግን እጄን ይዞ፣ «ሎርና፣ እስከ ነገ ታገሺኝ» አለኝ። በማግስቱ ልጄን አየኋት። እሷን ራሷን ነበር ያየሁት። ይህን የሠራ እጅ የተረት መጽሐፍ ገጽ ቢገልጥ የሚያደርሰውን አደጋ ለመገመት የእናንተ ዓይነት ብልህነት ያስፈልጋል፤ እኔ አልታደልኩም።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ቀን እኔም ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ፣ እንደ ሐኪም ቤት ተራ ጠባቂ ወደ ኋላ ተቀምጬ ነበር። ጎረቤቴ ወይዘሮ ታቢታ ክሮል ቀደም ብላ በአጥር በኩል እንዲህ ብላኛለች፦ «ሎርና፣ ዴልን እኮ አልጠላውም። አባቴን የገነዘልኝ እሱ ነው። ግን ልጄ ‹ወንድ ለምን ቀሚስ ይለብሳል?› ብሎ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? መልሱን እኔ ሳላገኘው ሌላ ሰው እንዲጀምርብኝ አልፈልግም።» ልጆቿን ይዛ ወንዝ ዳር ሄደች። አልተቀየምኳትም። እናት ናት፤ ልጆቿን የምታውቃቸው እሷ ናት። እሷ ወንዝ ዳር የመሄድ መብት ነበራት፣ እኔ ደግሞ ምንጣፉ ዳር የመቀመጥ። ሁለታችንንም ከዚህ ጭንቀት ስለገላገላችሁን ክብረት ይስጥልን።

ሦስተኛ፣ ስለዚያች ቅዳሜ። ማግኖሊያ የምታነበው ሌሎቹ ወደ ደቡብ ሲበሩ ብቻዋን ወደ ሰሜን ስለበረረች ዝይ ነበር። ልጆቹ ከቀሚሱ የረገፈውን ብልጭልጭ ከምንጣፉ ላይ እየለቀሙ ያዳምጣሉ። ዊኒ ከፊት ተቀምጣ የማግኖሊያን እጆች ታያለች። ድንገት እጇን አወጣች፤ የጠየቀችው ግን ማግኖሊያን ሳይሆን ዴልበርትን ነበር።

«እማዬን የቀባሃት አንተ ነህ አይደል?»

ማግኖሊያ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘጋች። «አዎ የኔ እመቤት። እኔ ነኝ።»

«ፈርታ ነበር?»

ተነስቼ ዊኒን ይዤ ልወጣ ፈልጌ ነበር። ማግኖሊያ ከወንበሯ ወርዳ፣ ያን ሁሉ ቀሚስ ሰብስባ ምንጣፉ ላይ ከዊኒ ፊት ተቀመጠች።

«አልፈራችም። ብቻዋን አልነበረችም እኮ። ቀኑን ሙሉ አጠገቧ ሆኜ ሳወራላት ነው የዋልኩት። እኔ ማንንም ዝም ብዬ አልሸኝም።»

«ምን አወራህላት?»

«ስለ አንቺ ነዋ! ጥርስሽ እንደወለቀ፣ የአያትሽን ጫማ አድርገሽ ደረጃ ላይ እንደወደቅሽ። ወሬ ሳትሰማ እንድትሄድ አልፈለግኩም።»

ዊኒ ትንሽ አሰበችና፣ «እሺ። ዝይዋስ?» አለች። ማግኖሊያም የዝይዋን ነገር እስከ መጨረሻው አነበበች። የሆነው ይህ ነው። ሌላ ምንም አልሆነም።

ከኋላ የቆመ ሰው በስልኩ ሲቀርጽ ነበር። በየቤቱ፣ ከከተማችንም ውጭ የተዳረሰው ቪዲዮ ግን ከ«እማዬን የቀባሃት አንተ ነህ» ጀምሮ ምንጣፉ ላይ እስከ መቀመጧ ብቻ ነበር። የልጅቱን እናት ሞት የሚያውቅ የለ፣ መልሱን የሰማ የለ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከየት እንደመጡ የማናውቃቸው ሰዎች ጠመንጃ አንግተው በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆሙ። ልጆችን ሊጠብቁ መምጣታቸውን ነገሩን። ዊኒ እጄን ጨብጣ በመካከላቸው ስታልፍ፣ «አያቴ፣ አደን ሊሄዱ ነው?» አለችኝ። «አይ፣ እዚሁ ናቸው» አልኳት። «እዚህ ምን ይታደናል?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ለቦርዳችሁ አስተላልፋለሁ።

የእናንተ መልስ ፈጣን ነበር። ጠመንጃ የያዙት በር ላይ መቆማቸውን ቀጠሉ፤ መጽሐፍ የያዘው ተባረረ። ያንን የተቃወሙ ወላጆች ክስ እናቀርባለን ሲሉ ደግሞ፣ ለማንም እንዳታዳሉ በማሰብ ለልጆች ማንበብን ጨርሶ ከለከላችሁ። ቄሱም አያነብም፣ እሳት አደጋ ሠራተኛውም አያነብም፣ ወይዘሮ ታቢታም ብትፈልግ አታነብም። ክፍሉ ተቆለፈ። «ገለልተኝነት» አላችሁት። የቀብር ቤቱ ባለቤትም ገለልተኛ ለመሆን ዴልበርትን አሰናበተው፤ እሱም ዕቃውን መኪናው ላይ ጭኖ ወደ ትልቁ ከተማ ሄደ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ቁጥር ሳልሰጠው፣ ለክቡር ሰብሳቢው ለብቻቸው እጽፈዋለሁ።

አቶ ላውተን፣ እናትዎ ወይዘሮ ዩዶራ ሲያርፉ የዕድሜ ልክ ጓደኛቸው ነበርኩና ከሬሳቸው አልተለየሁም። ከጎረቤት ከተማ የመጣው ገናዥ ሥራውን ጨርሶ ሲያሳየን ያሉትን አልረሳም። «ሎርና፣ ይቺ እናቴ አይደለችም። የማላውቃት ሴትዮ አደረጋት።» ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞረው፣ «የዴልን ስልክ ታውቂዋለሽ?» አሉኝ። ቁጥሩን ሰጠሁዎት። ሲደውሉለት አጠገብዎ ነበርኩ። «በጓሮ በኩል ግባ፤ ሰው እንዳያይህ» አሉት። ስላደረጉለት ጥንቃቄ አመሰግንዎታለሁ።

መጣ። ግራጫ ጃኬት ለብሶ፣ ትንሿን የመኳኳያ ሣጥኑን ይዞ፣ በቀብር ቤቱ የጓሮ በር ጎንበስ ብሎ ገባ። «ዊኒ እንዴት ናት?» ብቻ አለኝ። በሩን ገርበብ አድርጎ ሥራውን ጀመረ፤ እኔና እርስዎ ኮሪደሩ ላይ ቀረን። ድምፁን ሁለታችንም ሰማን። እኔ የሰማሁትን ያልሰሙ እንደሆነ፣ ቃል በቃል ይኸውልዎት፦

«እትዬ ዩዶራ፣ ይቅርታ፣ እጄ ቀዝቅዟል፤ መንገዱ በረዶ ነው። ይሄ ሰውዬ ምን አድርጎሻል በናትሽ! አሁን አስተካክልሻለሁ። ዶሮዎችሽን ጎረቤትሽ ሰብስባልሻለች፣ አታስቢ። ልጅሽ በሩ ላይ ነው። አትቆጪው። ያስመጣኝ እሱ ራሱ ነው። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው። ከአንቺ በላይ ማን ያውቀዋል?»

እርስዎ ኮፍያዎን ፊትዎ ላይ አድርገው ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። እኔም፣ ይብቃ፣ ሰው ነው፣ ብዬ ሁሉንም በልቤ ይቅር አልኩዎት። በቀብሩ ዕለት ወይዘሮ ዩዶራ ልክ ሊቆጡን የተዘጋጁ መስለው፣ ራሳቸውን ሆነው ተኙ። ሰው ሁሉ «እንዴት አምረዋል!» አለ። ማን እንዳስዋባቸው ሲጠይቁዎት «ከውጭ የመጣ ባለሙያ ነው» አሉ።

በሚቀጥለው ስብሰባ የልጆቹን ክፍል የመክፈት ሐሳብ ቀረበ። ከኋላ ተቀምጬ ነበር። «እንደተቆለፈ ይቆይ የምትሉ» ሲባል ከሁሉ ቀድማ የወጣችው እጅ የእርስዎ ነበረች፤ የእናትዎን ሣጥን የተሸከመችው ያችው እጅ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ መብራት ቦግ ባለ ቁጥር ባዶው ክፍል አይታየኝም። የዴልበርት ድምፅ ይሰማኛል፤ ለማይመልሱለት ሰዎች ቀስ ብሎ ወሬ ሲነግር። አንዳንዴ ከተማውን ሁሉ፣ እናንተንም እኔንም፣ አጋድሞ የሚያወራልን ይመስለኛል።

ይህን ረጅም ጽሑፍ ለማንበብ ከከበረ ጊዜያችሁ ስለቀነሳችሁልኝ እያመሰገንኩ፣ አሁን በከተማችን በወጉ የሚገንዝ ሰው ስለሌለ ለእያንዳንዳችሁ እጅግ ረጅም ዕድሜ ከልቤ የምመኝላችሁ፣

አክባሪያችሁ
ሎርና ቲግ
ኮርዌል ፎርድ፣ ኦሃዮ

ማስታወሻ፦ ለጠበቃዬ ነግሬያለሁ። የሞትኩ ዕለት የሚገንዘኝ ዴልበርት ፕሩይት ነው፤ በጠራራ ፀሐይ፣ በፊት ለፊት በር፣ ደስ ካለውም አረንጓዴውን ቀሚስ ለብሶ ይገባል፤ ሥራውን ሲጨርስ አጠገቤ ተቀምጦ አንድ ተረት ያነብልኛል። ይህንንም ለመከልከል አስቸኳይ ስብሰባ መጥራት ካሰባችሁ፣ አድማጯ ለአካለ መጠን የደረሰች መሆኗን ከወዲሁ በአክብሮት አረጋግጥላችኋለሁ።