ወ/ሮ ስሂን ልሳነወርቅ እና የገብስማ ዶሮዎቻቸው ዘር

ወ/ሮ ስሂን ልሳነወርቅ ከአባታቸው ከግራዝማች ልሳነወርቅ ወልደአምላክ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብርዛፍ ሀብተማርያም በ1944 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ በወረኢሉ ተወለዱ። ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያዋ እኔ እታለማሁ ነኝ። ታናሼን «አንቱ» ማለት ምላሴን ይጎረብጠዋል፤ ግን ሙት ይከበራል፣ ወረቀቱም በሰው ፊት የሚነበብ ነው፤ ስለዚህ እችለዋለሁ።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ አባታችን «ከሁለቱ አንዷ ትማር፣ አንዷ እናቷን ታግዝ» አሉ። የተማሩት ስሂን ናቸው፤ ያገዝኩት እኔ ነኝ። በወረኢሉና በደሴ ተምረው፣ የጽሕፈት ሥራ ሰልጥነው አዲስ አበባ በታይፒስትነት ተቀጠሩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ከወለድኩ በኋላ ነው። ይህንም የጻፍኩት በዚያችው ፊደል ስለሆነ፣ አንባቢው «ላሳምረው» ብሎ አንዲት ቃል እንዳይነካብኝ።

በ1967 ዓ.ም. ከአቶ ሠረቀብርሃን ጋር በተክሊል ተጋብተው ትህትናንና ይድነቃቸውን ወለዱ። አቶ ሠረቀብርሃን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ መልከ መልካምና ጭምት ሰው ነበሩ። ሽማግሌ መጀመሪያ የመጣው ለታላቂቱ እንደነበር የሚያውቅ ያውቃል።

እ.ኤ.አ. በ2000 ዲቪ ደርሷቸው ቤተሰባቸውን ይዘው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገቡ። ዲቪውን የሞላነው አብረን፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የደረሰው ለእሳቸው። እኔን ልጄ ንጉሡ በአቅራቢያው ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ያስመጣኝ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ወ/ሮ ስሂን በሆቴል ላውንደሪ ለረጅም ዓመታት በትጋት ሠርተው ሰፊ ጓሮ ያለው ቤት ገዙ።

በመጣሁበት ዓመት ነሐሴ ላይ ትህትና እንስሳት የሚታዩበት የካውንቲው ፌር ወሰደችን። እዚያ በሽቦ ቤት ውስጥ ገብስማ አውራ ዶሮ ቆሟል፣ የአንደኛነት ሰማያዊ ሪባን ተንጠልጥሎለታል። «ስሂን፣ ነይ የእናታችንን ገብስማ እይ!» ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ይህ ይመዝገብልኝ። ፈረንጆቹ ዶሚኒክ ይሉታል፤ ሊጠፋ ደርሶ የተረፈ የአገራቸው የጥንት ዘር ነው። መለኪያ አለው፦ ጥቁርና ነጩ ላባ እንደ ሽመና ተራ የያዘ፣ በራሱ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ጠፍጣፋ ሆኖ ወደ ኋላ እንደ ወስፌ የሾለ፣ እግሩ ቢጫ፣ ላባ ያልበቀለበት። ወ/ሮ ስሂን መለኪያውን ከትህትና ጋር አጥንተው በሚቀጥለው ጸደይ ጫጩት አስገቡ።

በማኅበር ውስጥ «ገብስማ የምታረባው ለየትኛው ጠንቋይ ነው?» እያላችሁ ያንሾካሾካችሁ ዛሬ እዚህ ተቀምጣችኋል። እህቴ ከጠንቋይ ደጅ ደርሰው አያውቁም። የሚያረቡት ዳኛ ፊት የሚቆም ዶሮ ነበር። ውድድር ሲደርስ ዶሮውን ገንዳ ውስጥ በሕፃን ሻምፖ አጥበው በፀጉር ማድረቂያ ያደርቁታል። የእኔን ፀጉር አንድ ቀን አጥበውልኝ አያውቁም።

በየዓመቱ መለኪያውን ያላሟላውን እየለዩ «እትዬ፣ ይሄ ለድስት ነው» እያሉ ለእኔ ይሰጡኝ ነበር። ለእሳቸው ሪባን፣ ለእኔ እንከን። ደህናውን ስጪኝ፣ እኔም ላርባ ብል «አንቺ ታርጂዋለሽ» ይሉኛል።

እ.ኤ.አ. በ2013፣ ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ያማረ አውራ ሰጡኝ። እንከኑ በጣቶቹ መሀል የበቀለች አንዲት ላባ ናት። ስለ አንዲት ላባ! እስከ ፋሲካ ልቀልበው ባልኮኒ ላይ በልብስ ቅርጫት አስቀምጬ እንዳይጮህ ብርድ ልብስ ደረብኩበት። መጮሁን ግን አልተወም። ከአፓርታማው ማኔጅመንት የመጣችው ሴት ድምፁ ምንድን ነው ስትል ንጉሡን «አላርም ነው በላት» አልኩት።

በሕማማት ማክሰኞ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ቀበሮ የእህቴን የዶሮ ቤት ሰብሮ ገባ። ዛፍ ላይ ካደሩ ሁለት ሴት ዶሮዎች በቀር ሁሉንም ፈጃቸው። አንድ አውራ አልተረፈም። ከሌላ ሰው አውራ ቢያመጡ ደሙ ይደባለቅና የዚያ ሁሉ ዓመት ልፋት ከዜሮ ይጀምራል። ያን ዕለት ጠዋት ኮል አደረጉልኝ።

«እትዬ፣ ያንን አውራ አረድሽው?»

«ሕማማት ገብቶ ማን ቢላዋ ያነሣል? አብደሻል?»

አለቀሱ። እህቴ ለባላቸው ቀብር እንኳ እንደዚያ ሲያለቅሱ አልሰማሁም። ወዲያው ከትህትና ጋር በቤልትዌይ መንገድ በረው መጡ። ቅርጫቱን በእግሮቼ መሀል ይዤ ጠበቅኳቸው።

«ስጪኝ፣ እትዬ።»

«ከዛሬ ጀምሮ አብሬሽ እመርጣለሁ። ውድድር ላይም የባለቤቱ ስም በሚሰፍርበት ካርድ ስሜ ይጻፋል።»

«አንቺ ምን አድርገሽ ነው ስምሽ የሚጻፈው?»

«ሳላርደው ቆየሁ። ቀበሮው ያስቀረልሽ መለኪያሽን ያላለፈውን ነው። አንቺ ብትሆኚ ጥለሽው ነበር፣ እኔ ግን ጎመንና ምስር እየበላሁ እሱን ጥሬ ቀለብኩት።»

ትህትና በእንግሊዝኛ «አንቲ፣ ፕሊስ» አለችኝ። «አንቺ ዝም በይ፣ የታላቅና የታናሽ ጉዳይ ነው» አልኳት። ስሂን ቅርጫቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ «እሺ፣ እትዬ» አሉ። ዶሮውን ሲወስዱ ግን አቀፉት፤ እኔን አላቀፉኝም። ያን ፋሲካ የሱቅ ዶሮ ሠርቼ በላሁ፤ ጣዕም የለውም።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ እየሄድኩ የጫጩት ጣት ስፈትሽ እውል ነበር። ያቺ የተረገመች ላባ በልጆቹም በልጅ ልጆቹም ብቅ ትል ነበር። እሳቸው ጣቱ ላይ ላባ ያየንበት ሁሉ ይውጣ ይላሉ፤ እኔ ደረቱና ሽመናው ያማረውን አንጣል፣ እግሯ ንጹሕ ከሆነች ሴት ጋር እናጋጥመው እላለሁ። ተጨቃጨቅን፣ ተኮራረፍን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ተገናኘን። እ.ኤ.አ. በ2016 መኸር ያወጣነው አውራ ከዘሩ ሁሉ አንደኛ ወጣ። ካርዱን ለማየት ሕዝቡን ጥሼ ገባሁ፤ ስሜ አለ፣ ያውም ከእሳቸው ስም በላይ። ዳኛው ግን እንግሊዝኛ የሚችሉት እሳቸው ስለሆኑ የጨበጠው እሳቸውን ነው። ለጋዜጣ ፎቶ የሚያነሣውም ሰው ያነሣው እሳቸውን ነው። እኔ በፎቶው ላይ ክርኔ ብቻ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ወ/ሮ ስሂን የጉበት ሕመም አደረባቸው። በሀኪምና በጸበል ቢረዱም አልተሻላቸውም። ሆስፒታል ልጠይቃቸው ስገባ መጀመሪያ የጠየቁኝ የሚያመኝን ጉልበቴን ሳይሆን የጫጩቶቹን ጣት ነበር። ንጹሕ ነው አልኳቸው። «እንግዲህ ደህናው ሁሉ ያንቺ ሆነ፣ እትዬ» ብለው ሳቁ። ስመኘው የኖርኩትን በዚያ አልጋ ላይ ሰጡኝ፤ መልሼ ብሰጣቸው በወደድኩ።

እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2018 በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ትህትናንና ይድነቃቸውን፣ የልጅ ልጃቸውን ሀሴትን፣ እኔንም ታላቅ እህታቸውን ትተዋል። ዶሮዎቹን ለዶሮ አርቢዎች ክለብ እንስጥ ያላችሁ ሰዎች፣ አትድከሙ፤ እኔ አለሁ።

አምላከ ቅዱሳን ነፍሳቸውን በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። ትምህርቱንም፣ ትዳሩንም፣ አሜሪካንም ቀደሙኝ፤ ይህን አንዱን እንኳ በታላቅነቴ ለእኔ መተው ነበረባቸው፤ ተራው የእኔ ነበር። ስሂንዬ፣ እስክመጣ ቦታ ያዢልኝ። ከአጠገብሽ እንጂ ከኋላሽ አልቀመጥም።