ሙቀቱ የካውያው አልነበረም

ሟች እህታችን ከልብስ ሰፊዋ እናታችንና ከአናጢው አባታችን፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው ባለ አንድ መስኮት ቤት ተወለዱ። የመጨረሻ ልጅ ናቸው። ታናሼን አንቱ ማለት ምላሴን ቢያስረውም ዛሬ እንኳ ይድረሳቸው።

እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ደም ሲያዩ "ልሞት ነው" ብለው አልጋ ሥር ገቡ። እናታችን ጨርቅ ሰጥታ "ዝም በይ" አለች፤ የተሰጣቸው ትምህርት ይኸው ነው። ጡት ሲያጎጠጉጡ፣ ዳሌያቸው ሲሰፋ፣ ኤስትሮጅን የሚሉት የሴት ሆርሞን ሥራ ጀምሮ ኖሯል፤ እኛ "አማረባት" አልን፣ አለቀ።

በሃያ ዓመታቸው የላውንደሪ ባለቤት አግብተው ካውያ ጨበጡ። ኮሌታ እንደሳቸው የሚተኩስ አልነበረም። ሁለት ሴት ልጆች ወለዱ። አማታቸው "ወንዱስ?" እያሉ ሲነዘንዟቸው ኖሩ፤ አሁን እዚያው ተገናኝተው ይጨርሱት።

በሠላሳ ስምንት ዓመታቸው ማሕፀናቸው ታሞ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሐኪሙ ከማሕፀኑ ጋር ሁለቱንም እንቁላል ማመንጫ አብሮ አወጣ፤ ኤስትሮጅኑም በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ለባልዬው "ሲሻላት ይዘሃት ና፣ ምትክ መድኃኒት ያስፈልጋታል" አለው። ባልዬው "ሚስቱ ሴትነቷ አለቀ" እንዳይባል ነገሩን ዋጠው።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። ሰው በካፖርት እየተንቀጠቀጠ እሳቸው ላብ በላብ። ሁሉም "የካውያው እንፋሎት ነው" አለ፤ እሳቸውም አምነው የሚወዱትን ካውያ አስቀመጡ። ቤት ገቡ፣ ሙቀቱም ተከትሎ ገባ። እንቅልፍ ጠፋ፣ ሳቅ ጠፋ፣ ትንሽ ነገር ያስለቅሳቸው ጀመር። ባልዬው "ተነካች" ብሎ ሰፈሩን አዳረሰ። በቦታቸውም አንዲት ለግላጋ ተኳሽ ቀጠረ። የቀረውን ስለምታውቁት ዝርዝር ውስጥ አልገባም፤ ቀዩን ቀሚስ የገዛላት ግን እሱ ነው።

በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከወንበር ሲነሱ ወደቁ፣ ዳሌያቸው ተሰበረ። የአጥንት ሐኪሟ የድሮ የሕክምና ካርዳቸውን አገላብጣ "እማማ፣ አጥንትዎ በጣም ሳስቷል። እንቁላል ማመንጫዎ ከወጣ በኋላ ምትክ መድኃኒት አልወሰዱም?" አለቻቸው።

"የምን መውጣት?"

ባልዬው መስኮት መስኮቱን ማየት ያዘ። ትልቋ ልጅ "አባዬ፣ ታውቅ ነበር?" ስትለው "ሐኪሙ ያኔ አንድ ነገር ብሎኝ ነበር" አለ። አንድ ነገር! ሐኪሟ ቁጭ ብላ አስረዳቻቸው፤ ኤስትሮጅን ለልጅ መውለጃ ብቻ አይደለም፣ አጥንት ያጠነክራል፣ እንቅልፍ ላይም፣ ስሜት ላይም፣ ልብ ላይም እጁ አለበት። ዕድሜ ሳይገፋ ድንገት ሲቋረጥ ጉዳቱ ከባድ ነው፤ ያ ሁሉ ሙቀትም ከዚሁ የመጣ ነው።

እህታችን አልጮሁም። "እኔኮ እውነት አብጃለሁ ብዬ ነበር" አሉ።

ከአልጋ ሳይነሱ ሳንባቸው ታሞ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አረፉ። ባልዬው በዚህ የሕይወት ታሪካቸው ላይ "በነርቭ ሕመም ሲሠቃዩ ኖረው" ተብሎ እንዲጻፍ ፈልጎ ነበር። አልተጻፈም። እህታችን አላበዱም፤ ሐኪሙ ስለሳቸው የተናገረውን የሚነግራቸው ሰው አጥተው ነው።

ሁለት ሴት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተው ሄደዋል። ባላቸውንም ትተውታል፤ ዘገዩ እንጂ።

አምላክ ነፍሳቸውን በጥላ ያሳርፍ። ለባልዬውም ረጅም ዕድሜ ይስጠው፤ ይህን የሰማችሁ ሁሉ በየመንገዱ ስታዩት ይኑር።